ያለ ጓዝ ከቡሬ ማዶ

ሻንጣ የያዘ ሰው ይጠየቃል። ከየት ትመጣለህ፣ የት ትሄዳለህ፣ ምን ይዘሃል፣ ፍታው፣ አራግፈው። ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ግን ከሰፈሩ ሱቅ ጨው ገዝቶ የሚመለስ ይመስላል። ይህን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ትምህርት ቤትና እኔ ገና በልጅነቴ በሰላም ተለያይተናል። ያስተማረኝ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ እህል ልገዛ ሊበን ድረስ ስሄድም፣ ለበርበሬ ቡሬ ስሄድም የምይዘው አንዲት ጥቁር ፌስታል ናት። በውስጧ አንድ ቅያሪ ሸሚዝ፣ የስልክ ቻርጀርና መፋቂያ አለ። ስልኩ ኔትወርክ ማግኘቱ የእግዜር ፈቃድ ነው፤ ቻርጀሩን ግን ለወጉም ቢሆን እይዛለሁ።

የፍኖተ ሰላም ገበያ በዚህ ይቀልድብኛል። ከሱቄ ጎን ነጭ ሽንኩርትና ቅመም የምትሸጠው ጎረቤቴማ ዋናዋ ናት።

«ይህ ስስታም ሲሞት እንኳ ሳጥን አይገዛም፤ በፌስታል ነው የሚሄድ» ትላለች፣ ደንበኛ ፊት።

«አንቺ ደግሞ ሽንት ቤት ስትሄጂም ትራስ ይዘሽ ነው» እላታለሁ።

በጎረቤትነታችን ዘመን ሁሉ ከዚህ የተሻለ ደግ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ነገር ግን የአንድ አገር ልጆች ነን። አገራችን ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ፈጠም ወንዝን ተሻግሮ በእግር የሚገባበት ጎጥ ነው። የእሷ እናት ቤት ከመግቢያው ላይ ነው፤ የእኔ ታላቅ ወንድም ቤት ከላይ ከጉብታው። አባትና እናታችን ካለፉ ወዲህ በዚያ አገር የቀረኝ የሥጋ ዘመድ እሱ ብቻ ነበር። እሱ ያርሳል፣ እኔ እሸጣለሁ። በርበሬ የሚያቀርብልኝም እሱ ነው፤ ስንከራከር ግን ወንድምነታችንን በር ላይ አስቀምጠን ነው የምንገባ።

ነገሩ የሆነው በኅዳር፣ በበርበሬ ወራት ነው። አንድ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ሚዛኔን ስወለውል የዕድራችን ዳኛ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው መጡ። እኒህ ሽማግሌ ቆመው ከተናገሩ ነገሩ መዋጮ ነው። ከተቀመጡ ግን ክፉ ነው። ተቀመጡ።

«በርበሬው እንዴት ነው ዘንድሮ?» አሉኝ።

«ደህና ነው። እርስዎ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። ጤፉስ?»

«ጤፉም ደህና ነው።»

«በቆሎውስ?»

የአገሩን ሰብል ሁሉ አንድ በአንድ ሊያዞሩኝ መሆኑ ገባኝ። «አባባ፣ ማን ሞተ?» አልኳቸው።

ደነገጡ። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንስተው ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ወረወሩት። ሱቁ ገና አልተከፈተም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ፤ የጎረቤቴ እናት አርፈዋል። ስልክ ስለማይሠራ ወሬው የመጣው በሰው እግር ነው። ቀብሩም አልፏል። ልጃቸው ግን አልሰማችም።

በእኛ ዘንድ መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ በገበያም በስልክም አይነገርም። ባለ ሐዘኑ ሳይሰማ በሰበብ ወደ አገሩ ይወሰዳል። ማታ በልቶ ያድራል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው፣ ቄሱ፣ ጎረቤቱ ግቢው ውስጥ ይቆምና ያኔ ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ይጫወታል፣ ይዋሻል። ይህን ውሸት የንስሐ አባቴም አይቆጥሩብኝም።

«አንተ ይዘሃት ሂድ» አሉኝ ዳኛው። «የአገሯ ልጅ ነህ። ለበርበሬ እሄዳለሁ በል። እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ አብረን ደርሰን እንምጣ በላት። ከአንተ ወዲያ ፊቱ የማይናገር ሰው በዚህ ገበያ የለም።»

እውነት ነው። ዕቃ ስገዛ እንኳን ሻጩ፣ ፊቴ ላይ ያረፈች ዝንብም ምን እንዳሰብኩ አታውቅም። በሰው ሞት መካከል ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው፤ ግን መመረጤ ደስ አሰኝቶኛል።

«ጓዝ እንዳታበዙ» አሉ ሲነሡ። «ጓዝ ከበዛ ለስንት ቀን ነው ብላ ትጠረጥራለች።»

«ለእኔ ነው ይህን የሚነግሩኝ?»

ጃንጥላቸውን አንሥተው አዩኝ። «ላንተስ አይነገርም» አሉና ወጡ።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። ሚስቴ የማታውቀው ሰው ሲሞት እንኳ ቀድማ የምታለቅስ ሴት ናት። ያን ቀን አላለቀሰችም። ፌስታሌን ተቀበለችኝና አሮጌ ጋቢዬን፣ ያን ጥጉን ፍም የበሳውን፣ አጣጥፋ ልትከተው ታገለች። አወጣሁት። መልሳ ከተተችው። «ለአንድ ሌሊት ጋቢ ምን ሊሠራልኝ ነው?» ብዬ አልጋው ላይ ወረወርኩት። በሌላ ቀን ቢሆን ጎረቤት የሚሰማው ክርክር ይነሣ ነበር። ያን ቀን ጋቢውን አንሥታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ቆይታ ተመለሰች።

«ቁርስ ብላ» አለችኝ።

«በላሁ እኮ። አንቺው ነሽ ያቀረብሽልኝ።»

«ድገም።»

ከበር ስወጣ ቆማ ታየኝ ነበር። ዞር ብዬ አላየሁም፤ ፊቱ የማይናገር ሰው ወደ ኋላ አያይም።

ጎረቤቴ ቤት ስደርስ ነገሩን እንደ ዋዛ ጣል አደረግኩላት። «እናትሽን ጉንፋን ነገር ነክቷቸዋል አሉ። እኔ ለበርበሬ ልሄድ ነው፤ ከፈለግሽ አብረን ደርሰን እንምጣ።»

«ማን አለ?»

«በርበሬ ያመጣ ሰው።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«እግር ያለው ሰው። ትሄጃለሽ አትሄጅም?»

ወዲያው አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ጎትታ አወጣችና መሙላት ጀመረች። ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና፣ ዘይት በጄሪካን። እኔም ሥራዬን ጀመርኩ፤ ጓዟን ማስቀነስ። «ስኳሩን ተይው፣ ለሳል አይሆንም።» ስኳሩ ወጣ። «ዘይቱ መኪና ላይ ይፈስሳል።» ዘይቱ ወጣ። «ሳሙናስ ቡሬ ጠፍቶ ነው?» ሳሙናውም ወጣ። ከዚያ አንድ አዲስ ቀሚስ አውጥታ ፊቴ ላይ ዘረጋችው።

«ለእንቁጣጣሽ ሳላደርስላት የቀረሁ ነው። ለእማዬ ይሆናታል? እየው እስቲ፣ አንተ ዓይንህ ሚዛን ነው።»

ከአፈር በታች ላለች ሴት የተሰፋ ቀሚስ ርዝመት ለካሁ። «ይሆናቸዋል» አልኩ። «ግን ለጥምቀት ይሁንላቸው። አሁን ይዘሽ ብትሄጂ የበርበሬ አቧራ ያበላሸዋል።»

አጠፈችና መለሰችው። ክርክር የለ፣ ስድብ የለ።

መጀመሪያ የቆረቆረኝ እዚያ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ከእሷ ጋር ተከራክሬ አንዲት ራስ ነጭ ሽንኩርት አስቀንሼ አላውቅም። ያን ቀን ከረጢት ሙሉ ጓዝ አስጣልኳት። ከአልጋው ሥር አንዲት ትንሽ የታሰረች ቦርሳ ስባ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ቦርሳዋ ስትታሰር አላየሁም፤ ታስራ ነበር የቆየችው።

«ይኸው፣ እንዳንተ ሆንኩልህ» አለችኝ።

መናኸሪያ ስንደርስ የሚኒባሱ ረዳት፣ ያ ሁልጊዜ እንደ ጆንያ ጠቅጥቆ የሚጭነኝ ሰው፣ ጋቢናውን በእጁ ጠረገልኝ። «ጋሼ፣ እዚህ ይግቡ።» ይግቡ! ሌላ ቀን «ግባ አንተ ወፍራም» ነበር የሚለኝ። ሒሳብ ላውጣ ስል እጄን ያዘኝ። «ተከፍሏል» አለና በአገጩ ጎረቤቴን አሳየኝ። እሷ ወደ ውጭ ታያለች።

መንገድ ስንጀምር እንደ ታዘዝኩት ማጫወት ጀመርኩ። ያው መርዶ የሚነገረው ሰው ዝም ከተባለ ያስባል፤ ካሰበ ይደርስበታል። አህያውን ሸጦ መልሶ የገዛውን ሰውዬ ታሪክ ነገርኳት። ሳልጨርስ ሳቀች። እሷም በተራዋ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ሳትጨርስ ሳቅኩ። ሾፌሩም ሳያዳምጥ ሳቀ። እንዲያ እየተሳሳቅን ስንሄድ ድንገት፣

«ወንድማለም፣ ደህና በልተሃል?» አለችኝ።

ወንድማለም ብላኝ አታውቅም። ስሜ ስስታም ነው። ልቧ አውቆት ይሆናል አልኩ፤ ሐዘን ሲቀርብ ሰው ይለሰልሳል። ጋቢናው ውስጥ ከእኔ ቀጥላ በመስኮት በኩል ነበር የተቀመጠች። ወደ ማሳው የምታይ መስሎኝ ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ ሲታይ ግን ዓይኗ እኔ ላይ ነው። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። እንደሚታረድ የማያውቅ በግ ሳር ሲበላ የሚያይ ሰው ፊት አለ። ያን ፊት የለበስኩት እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።

ማንኩሳ ላይ ስንቆም ሙዝ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። አንዷን ዋጋ ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ፣ እንደ ልማዴ ግማሹን ጠራሁ። ስድብ ነበር የጠበቅኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ ጎረቤቴን አየቻትና ፊቷ ወደቀ።

«ይሁን ጋሼ። ውሰዱ» አለችኝ። አንድ ሙዝም ጨመረችልኝ።

እኔ በክርክር ያደግኩ ሰው ነኝ። ሰው ሳይከራከር ከሸጠልህ ወይ ዕቃው የተሰረቀ ነው፣ ወይ ሻጩ አዝኖልሃል። ሙዝ ደግሞ ማን ይሰርቃል። ሙዙን ጭኔ ላይ አድርጌ ቡሬ እስክንቃረብ አንድም አልላጥኩም።

ቡሬ መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ፈታሹ ፌስታሌን በአንድ ጣቱ አንሥቶ አየና «ይህ ነው?» ብሎ ሳቀ፤ መለሰልኝ። ወደ ጎረቤቴ ዞረ። ቦርሳዋን ፈታችለት። ከላይ ጥቁር ሻሽ ነበር። ሻሹን ገለጥ ሲያደርግ ከሥሩ የወንድ ጋቢ ወጣ። ዘርግቶ አራገፈው። ጥጉ ላይ ፍም የበሳው ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ውስጥ የኅዳር ሰማይ ታየኝ።

«የማን ነው?» አላት።

«የወንድሜ» አለች።

ወንድም የላትም።

መኪና ውስጥ ተመልሰን ማንም አልቀለደም። እኔ በልቤ ሒሳብ ጀመርኩ። ሚስቴ ናት የሰጠቻት፤ አገሩ ይበርዳል ብላ ነው፤ ሴቶች እንዲህ ናቸው። ይህ ያስኬዳል። ሻሹስ? ሻሹን ከያዘች የእናቷን ሞት ሰምታለች። ሰምታ ከሆነ ለምን አታለቅስም? ለምንስ እኔን ታስቀኛለች? በሰበብ የሚወሰድ ሰው ባለበት መኪና ውስጥ የማያውቅ አንድ ሰው መኖር አለበት። እሷ ካልሆነች ማን ነው? ረዳቱን አየሁት፤ ዓይኑን አሸሸ። ሾፌሩን አየሁት፤ መንገዱን እንደ ፈተና ወረቀት አፍጥጦ ያያል።

ቡሬ ላይ ስንወርድ ገበያው በበርበሬ ቀልቷል። የአገሩ አየር ራሱ ያስነጥሳል። ባጃጅ ልንይዝ በእህል መጋዘኖቹ በኩል ስናቋርጥ፣ ከበቆሎ ኩንታሎች መካከል አንድ ጃንጥላ አየሁ። ጃንጥላውን የያዙት ጠዋት ፍኖተ ሰላም ሱቄ ድረስ የመጡት የዕድራችን ዳኛ ናቸው። በሌላ መኪና መጥተው ቀድመውን ወርደዋል። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ከዚያ እኒያ አባቴ የሚሆኑ፣ ሲናገሩ ቀበሌ የሚሰማቸው ሽማግሌ፣ ቁጢጥ ብለው ከኩንታሉ ኋላ ተደበቁ። የጃንጥላው እጀታ ብቻ ከላይ ቀረ።

ሄጄ «ደህና ዋሉ አባባ» ልላቸው እችል ነበር። ግን የተከበረ ሰው ከኩንታል ኋላ አይነሣም። ደግሞስ ከተነሡ መናገር አለባቸው። የሚናገሩትን ነገር ቡሬ ገበያ መካከል ቆሜ መስማት ፈራሁ።

«ምን አየህ?» አለችኝ ጎረቤቴ።

«በቆሎ» አልኳት።

ባጃጁ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰን፤ ከዚያ በእግር ወረድን። ወንዙን ስንሻገር ድንጋይ ባጋጠመኝ ቁጥር ክንዴን ትይዘኛለች። እኔ ደግሞ በልቤ ከእግዜር ጋር ገበያ ይዣለሁ። ጌታዬ፣ ዳኛው የነገሩኝ ሞት ይጽናልኝ። የእሷ እናት ናቸው የሞቱት ተብዬ ነው የመጣሁ፤ በዚህ ተስማምተን ነው ከቤቴ የወጣሁ። አሁን መንገድ ላይ ዋጋ አትቀይርብኝ። አሮጊት ናቸው፣ ዕድሜ ጠግበዋል፣ ልጅ ድረዋል፣ ምን ጎደላቸው? ወንድሜ ግን ገና በርበሬውን አልሸጠም።

እንዲህ እያልኩ ነበር የምሄድ። ክንዴን ይዛ የምታሻግረኝ ሴት እናቷ ሞተው እንዲጠብቁኝ እየለመንኩ።

የእናቷ ቤት ታየ። ከሣር ክዳኑ ላይ ጭስ ወደ ማዶ ይሄዳል። ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ልቅሶ ያለበት ቤት ሰው አያጣም፤ ይህን እያሰብኩ ሳለሁ በሩ ተከፈተና የሞቱት ሴትዮ ውሃ ሊደፉ ወጡ።

ለእሳቸው መሞታቸውን የነገራቸው ሰው አልነበረም። አይተውን ጣሳውን መሬት ላይ ጣሉት፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ። ልጃቸውን አንዴ ሳሟት። እኔን ግን ጉንጬን፣ ትከሻዬን፣ እንደገና ጉንጬን። የሞተ ሰው እጅ ቀዝቃዛ ነው ይላሉ። የእሳቸው ትኩስ ነበር፣ ሊጥ ሊጥ ይሸት ነበር።

«ልጄ… ልጄን…» አሉና እንባቸው መጣ።

«እማዬ!» አለቻቸው ልጃቸው። እንደ ጥፊ ነበር።

«ጭሱ ነው» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይህ ጭስ ሊያጠፋኝ ነው።»

ከቤት ውጭ ነበር የቆምን። ጭሱም ወደ ማዶ ነበር የሚሄድ።

ወደ ጉብታው የሚወጣውን መንገድ ጀመርን። ዳኛው እንዴት እንዳሰሉኝ ያን ጊዜ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ወንድምህን ትንሽ አሞታል ቢሉኝ እዚያው ሱቄ ውስጥ ሚዛኔን እንደያዝኩ እደርስበት ነበር። እኔን በሰበብ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የሰው ሰበብ አሸክመው ላኩኝ፤ አታላይ አድርገው ሾሙኝና ሹመቱን ወድጄ ተቀበልኩ። ሚስቴ፣ ጎረቤቴ፣ ረዳቱ፣ በዓይን ጥቅሻ የተነገራት ሙዝ ሻጭ ሳይቀሩ ተሸክመውኝ ነው የመጡ። ሰው ራሱ ጓዝ ሲሆን ክብደቱን አያውቀውም።

ከመንገዱ መካከል ቆምኩ። «እታለም» አልኳት። እኔም እንዲህ ብያት አላውቅም።

«ወዬ።»

«ምንም እንዳትነግሪኝ።»

«ምን የምነግርህ ነገር አለና ነው?»

«የለም። እኔም የለም ነው የምል።»

«አንተ ደግሞ…» አለች። ልትሰድበኝ ፈለገች፤ ስድቡ ግን አልመጣላትም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከኋላዬ ተከተለችኝ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኳት አሁንም ድረስ ይጠይቁኛል። ያልተነገረ ሞት ያልተዘጋ ገበያ ነው። ሽማግሌ ቆሞ እስኪነግረኝ ድረስ ወንድሜ በአንድ በኩል አለ። አንዲት ሌሊት ላተርፍለት ፈለግኩ።

ግቢው ስደርስ ፀሐይ ከጉብታው በታች ወርዳለች። ወንድሜ ጠል የነካው በርበሬ ይጠቁራል ብሎ፣ ከፀሐይ ቀድሞ በርበሬውን የሚሰበስብ ሰው ነበር። አንድ ምሽት እንኳ ውጭ አሳድሮ አያውቅም። ያን ዕለት ግን በርበሬው ግቢውን ሞልቶ ተዘርግቷል፤ ዳር ዳሩን ሰዎች በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ለተራ ቀን በዝተዋል። እኔን ሲያዩ ሁሉም ባንዴ ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም፤ እነሱም አያውቁም። ከዚያ በዕድሜ የሚበልጡኝ ገበሬዎች ብድግ ብለው ቆሙልኝ።

«ኖር! ኖር! ደህና ገባህ?»

«ደህና ዋላችሁ። በእግዜር፣ ተቀመጡ።»

የወንድሜን ሚስት ጠየቅኩ፤ ራሷን አሟት ተኝታለች አሉኝ። ከጓዳ «ደህና መጣህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎርንኖ የወንድ ድምፅ ሆኗል። ከዚያ ስለ እሱ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ካልጠየቅኩ ማወቄን ያውቁብኛል።

«ወንድሜስ?»

አንድ ጎረቤቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሬ ሊገዛ ሽንዲ ወረደ።»

«ምን ዓይነት በሬ?»

«ዳልቻ።»

«ቀንዱስ እንዴት ነው?»

«ቀንዱ ወደ ላይ ነው» አለ ሌላው። «ገና ጎረምሳ ነው እንጂ ጫንቃው መልካም ነው።»

«ከቀኝ ነው ከግራ የሚጠመደው?»

«ከቀኝ» አሉ ሁለት ሰዎች እኩል።

እንዲህ እየተቀባበልን ያን በሬ አሳደግነው። ጥርሱን አየን፣ ሰኮናውን አየን፣ ትንሽ ይዋጋል ወይ አይዋጋም ብለን ተከራከርን። «ብዙ እንዳይሰጥበት» አልኩ፤ «ዘንድሮ በሬ ተወዷል።» «እሱስ መቼ ይሸወዳል፣ እንዳንተ ነው» አለ ጎረቤቱ። «ነው» አለ፤ «ነበር» አላለም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ጓሮ ሄደ። ከዚያ በኩል የታፈነ ሲቃ መጣ። «በርበሬው ነው፣ ያስለዋል» አለኝ አጠገቤ ያለው። «በርበሬ ያስላል» አልኩ።

በርበሬው ላይ ጠል ሲያርፍ ታየኝ። አላስቻለኝም። ጫማዬን አውልቄ ከዳሩ መሰብሰብ ጀመርኩ። አንድ ሰው ተነሣ፣ ሌላው ተነሣ፣ በኋላ ሁሉም ጎንበስ አለ። ሳቁ ቆመ። በዚያ ድንግዝግዝ የሚሰማው በርበሬው ሲንሿሿ ብቻ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ያ ሁሉ ጀርባ፣ ያ ሁሉ ነጭ ጋቢ፣ ማንም ማንንም ሳያይ የአንድ ሰው በርበሬ ይለቅማል። እኔ በእጄ ሳነሣው የሚመዝነውን የማውቅ ሰው ነኝ፤ ያን ምሽት ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ወንድሜ በድንገተኛ የሆድ ቁርጠት እንዳረፈና ሐኪም ቤት ሊያወርዱት ቃሬዛ እያበጁ ሳለ እንደቀደማቸው የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በርበሬውን ያልለቀመው ሽንዲ ስለ ወረደ አይደለም።

እራት ሽሮ ነበር። ወንድሜ የሚቀመጥበት መደብ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ጎረቤቴ አጠገቤ ሆና ታጎርሰኛለች፤ ዋጥኩ፣ ደገመች፣ ዋጥኩ። እናቷም ከታች መጥተው እጅ አስታጠቡን። ነገ እንደማልበላ ሁሉም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ሳህኑን ጠረግኩላቸው። እነሱ ሊያኖሩኝ ሲዋሹ፣ እኔም ውሸታቸውን ላለማበላሸት ስዋሽ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ታማኝ ገበያ ገጥሞኝ አያውቅም። ጋቢውን ከቦርሳዋ አውጥታ ያለ አንድ ቃል አለበሰችኝ። እኔም ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም።

ጎህ ሲቀድ ከውጭ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ ብዙ እግር፣ ግን የሚጠነቀቅ። ፊቴን ታጥቤ በሩን ራሴ ከፈትኩት። ግቢው ሙሉ ሰው ቆሟል። የዕድራችን ዳኛ ቡሬ አድረው በጨለማ መጥተዋል፤ ጋቢያቸው ጀርባ ላይ የበቆሎ ገለባ አለ። ከእሳቸው ጋር የመጣችው ሚስቴ ከሴቶቹ መካከል ናት። ዓይኗ አብጧል።

የደብሩ ቄስ ወደ ፊት አንድ እርምጃ መጡና ስለ አዳም ጀመሩ። ከአዳም ወደ አብርሃም፣ ከአብርሃም ወደ ኢዮብ ዞሩ። እኔ ሰው ንግግር ሲያረዝምብኝ «ዋጋውን ንገረኝ» ብዬ የምቆርጥ ሰው ነኝ። ያን ጠዋት ግን አልቆረጥኳቸውም። ኢዮብ ላይ ቢሰነብቱም ግድ አልነበረኝም።

በዚህ መሃል ሁለት እጆች ከኋላ ወገቤን ያዙኝ። መርዶ የሚነገረው ሰው ወደ ኋላ ነው የሚወድቀውና አንድ ጠንካራ ሰው ከጀርባው ይቆማል። ጎረቤቴ ነበረች፤ ኩንታል እንደሚያነሣ ሰው እግሯን ከፍታ ቆማለች።

«አለሁ» አለችኝ በጆሮዬ።

ቄሱ የወንድሜን ስም ጠሩ። ወደ ኋላ ወደቅኩ። እሷ ግን አልለቀቀችኝም።